ፕሮቲን የለበሱ ሟሚ የናኖ ክር ስካፎልዶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከአዲስ አበባ ዳርቻ

የናኖ ክር ስካፎልድ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሚፈርስ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት ካለው ውህድ) የተፈተለ፣ ላዩ በኮላጅን፣ በጄላቲን ወይም በፋይብሮኔክቲን ፕሮቲን የተሸፈነ ስስ ምንጣፍ ነው። ሕዋሳት ተጣብቀውበት ይራባሉ፤ አዲሱ ሕብረ ሕዋስ ቦታውን ሲረከብ ክሩ ይወገዳል። መነሻው ተፈጥሮ ነው፤ በቆዳችን ውስጥ ሕዋሳትን የሚደግፉት የኮላጅን ክሮች ራሳቸው ውፍረታቸው በናኖሜትር (በሜትር ቢሊዮንኛ) ይለካል።

ለዘርፉ ቅርብ የሆኑት የአዲስ አበባ ተቋማት ከመሀል ከተማ ይልቅ ዳርቻው ላይ ይገኛሉ። በደቡብ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ገና ወጣት ሳለ ናኖቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ ማድረጉ አርቆ ማየት ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ የአገሪቱ የቆዳ ኢንዱስትሪ ምርምርና ልማት ማዕከል (የቀድሞው የቆዳ ኢንስቲትዩት) ይገኛል። በምዕራብ በኩል፣ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለርት እና በ1970 የተከተለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ጎን ለጎን ቆመዋል። ስካፎልዱ ሊታሰብለት የሚችል፣ በሥጋ ደዌ ሳቢያ ስሜቱን ያጣ እግር ላይ የሚወጣ፣ አልድን ያለ ቁስል ምን እንደሆነ ለዚያ ሰፈር ሐኪም ማስረዳት አያስፈልግም።

በኤሌክትሪክ ኃይል ክር የመፍተል ዘዴ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በፓተንት ይታወቃል። ለሕክምና የተፈለገው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ተመራማሪዎቹ ላንገርና ቫካንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የሕብረ ሕዋስ ምህንድስናን (የተጎዳ ሕብረ ሕዋስን በሕዋሳትና በስካፎልድ የመተካት) መስክ በሰፊው አስተዋወቁ፤ በ2002 ደግሞ ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. ከተባለው ፈራሽ ፖሊመር የተፈተለ ስካፎልድና ከኮላጅን የተፈተለ ክር በታተሙ ጥናቶች ቀረቡ።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። የሟሟው ፖሊመር በስሪንጅ ይሞላል፤ ፓምፑ በሰዓት አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይገፋዋል። መርፌው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 30 ኪሎ ቮልት ሲለቀቅ ጠብታዋ ሾጣጣ ትሆንና ከጫፏ ቀጭን ፍሰት ይፈናጠራል። ፍሰቱ እንደ አለንጋ እየተወናጨፈ ይቀጥናል፤ ማሟሟቻው በአየር ላይ ይተናል፤ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ በተቀመጠው የአሉሚኒየም ፎይል ላይ ነጭ ክር ይከመራል። የአየሩ እርጥበት የክሩን ገጽ ስለሚለውጥ የበጋና የክረምት ምርት አንድ ላይሆን ይችላል። ሥራው መሀል መብራት ከጠፋማ ያው እንደገና መጀመር ነው።

ዋናው ጉዳይ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እይታ፣ ክሩ ሳይሆን ልብሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፖሊካፕሮላክቶን ጠንካራና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቢሆንም ውኃ አይወድም፤ ሕዋስም በቀላሉ አይጣበቅበትም። ተመራማሪዎቹ ፒየርሽባከርና ሩኦስላህቲ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት ሕዋስ ፋይብሮኔክቲን ላይ የሚለየው ምልክት አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የተባሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው። ክሩን ፕሮቲን ውስጥ መንከር ርካሽ ነው፤ ሽፋኑ ግን ቶሎ ይታጠባል። ስለዚህ አስቀድሞ ገጹን በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) ማከም ወይም ፕሮቲኑን በኬሚካል ማሰር ይመረጣል። ኮላጅንን ራሱን መፍተል ግን ያከራክራል፤ ማሟሟቻዎቹ ፕሮቲኑን ወደ ጄላቲን ይለውጡታል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

የፕሮቲኑ ምንጭ እዚህ አገር የራሱ ጥያቄ አለው። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ጄላቲን ትልቁ ድርሻ ከአሳማ የሚወጣ ሲሆን፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም። የከብት፣ የበግና የፍየል ቆዳ ግን የአገሪቱ ሀብት ነው፤ ዋናው ፕሮቲኑም ኮላጅን ነው። ወደ ዌት ብሉ (በክሮም ወደ ለፋበት ደረጃ) ያለፈ ቆዳ ክሮም ስላለበት አይመችም፤ ከዚያ በፊት ተቆርጦ የሚጣለው ትራፊ ግን ይሆናል። ለሕክምና ደረጃ ማጣራቱ ውድና አድካሚ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ጥሬው በደጃፍ እያለ ፕሮቲኑን ከውጭ በዶላር ማስገባት ያስቆጫል።

ሌላው ችግር የምንጣፉ ቀዳዳዎች ጥበት ነው፤ ሕዋሳት ላዩን ሸፍነው ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ይቀራሉ። ውኃ የሚያሟሟቸውን ክሮች አብሮ ፈትሎ በኋላ በማጠብ ክፍተት ይፈጠራል። የመፍረሻው ጊዜም እንደ ፖሊመሩ ይለያያል፦ ፖሊካፕሮላክቶን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ እኩል የተቀላቀሉበት ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. በአንድ ወይም በሁለት ወር ይፈርሳል። የሚለቀቀው አሲድ ከተጠራቀመ ዙሪያውን ያስቆጣል።

ማምከኑም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ የሆስፒታል አውቶክሌቭ (በሞቃት እንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) አይሆነውም። ስለዚህ በላብራቶሪ ባዶው ክር በኤታኖል ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጸዳና፣ ቀድሞ የተጣራው ፕሮቲን በንጹሕ ካቢኔት ውስጥ በመጨረሻ ይለብሳል።