ግል ክሊኒክ ስለሄዱ በአንድ ቀጠሮ አይዳንም

«ከፍዬ ታከምኩ፣ ምንም ለውጥ የለውም።» የግል የአእምሮ ሕክምና ባለበት ሁሉ ይህ አቤቱታ አለ። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ታካሚው አንዴ ታየ፣ ኪኒን ታዘዘለት፣ አሥር ቀን ውጦ ተወው፣ በቀጠሮውም ቀረ። ገንዘብ ወረፋ ያሳጥራል፣ ከሐኪም ጋር የሚቀመጡበትንም ጊዜ ሊያረዝም ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራበትን ፍጥነት ግን አይለውጥም።

«እዚያ የሚሄደው ጨርቁን የጣለ ነው» የሚለው ስህተት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የመጠጥና የጫት ሱስ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሁሉ የሚታከሙት እዚያው ነው። «ሳይኮሎጂስትም ሳይካትሪስትም ያው ነው» ይባላል፤ ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ስለሆነ መድኃኒት ያዝዛል፣ ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል፣ ኪኒን አያዝም። ቀጠሮ ለመያዝ ሲደውሉ የሚያየኝ ማን ነው፣ ሙያውስ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። «ሐኪሙ ራስን ስለ ማጥፋት ከጠየቀ ሐሳቡን ያመጣብኛል» የሚሉም አሉ። አያመጣም፤ ለብዙዎች እንዲያውም ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን «ኪኒኑ ሱስ ያሲዛል፣ አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው» የሚለው ነው። ሰዎች የሚድኑበትን ሕክምና በሁለተኛው ሳምንት የሚያስተዋቸው ይህ ወሬ ነው።

ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ሱስ የሚያስይዙ አይደሉም። ችግሩ አጀማመራቸው ነው። ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱና የእንቅልፍ መዛባቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ሙሉ ውጤቱ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በአሥረኛው ቀን ያቆመ ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙ ሳይደርስ ነው የተወው። ከ25 ዓመት በታች ያለ ታካሚ በእነዚህ ሳምንታት እረፍት ካጣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካሰበ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ድባቴ የያዘው ሰው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል፣ ከዚያ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይቆማል። በድንገት ሲቆም የሚመጣው ማዞር፣ መነጫነጭና ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረ የሚሰማው ስሜት ሰውነት ለውጡን ገና ስላልለመደ ነው፤ ሱስ ተብሎ የሚወራው ይኸው ነው። ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) እና ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ሕክምናቸው ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ሐኪሙም ይህን በግልጽ ሊነግርዎ ይገባል። የሚያሳዝነው፣ ሰርትራሊን የሚፈራው ሰው ለእንቅልፍ ብሎ ዳያዜፓም ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለወራት ሲውጥ መገኘቱ ነው። በትክክል ጥገኛ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ያውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ አብዛኛውም ጥያቄ ነው፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩ፣ ጫትና መጠጥ። የጫቱን ነገር አይደብቁ፤ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ጥርጣሬን ያባብሳል፣ ሐኪሙ ካላወቀ ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። የእንቅርት ሆርሞን ወይም የደም ማነስ ምርመራ ቢታዘዝ ገንዘብ ለመቀበል ብቻ አይምሰልዎ፤ ሁለቱም ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ። ቤተሰብ አብሮ መምጣቱ መልካም ነው፣ ግን የቀጠሮው ከፊሉ ታካሚው ብቻውን የሚናገርበት ይሁን። እናት ወይም ባል መልሱን ሁሉ ከሰጡለት ዋናው ነገር ሳይነሳ ይቀራል።

ሲከፍሉ የካርዱን ዋጋ ብቻ አያስቡ። የወር ክትትሉንና የወር መድኃኒቱን ደምረው ቢያንስ በስድስት ወር ያባዙት፣ የምርመራውንም ይጨምሩበት። ከአቅም በላይ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ። የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና የተጀመረበት ቀን የተጻፈበት ማጠቃለያ ይዘው አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ክፍል ባለው ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል መቀጠል ይችላሉ። ኪኒኑ ሳያልቅ ይዛወሩ።

«ጠበል የሚጠመቅ መድኃኒት አይወስድም» የሚለውም መታረም አለበት። ጠበሉን ሐኪም አይከለክልም፤ ሕመሙ የሚያገረሸው ኪኒኑ ሲቋረጥ ነው። ጾም ከሆነ የመውሰጃው ሰዓት እንዲስተካከል ይጠይቁ። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው በተለይ ያለ ውኃ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሰውነት ሲደርቅ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻልና መርዝ ሊሆን ይችላል።

ልሙት የሚል ሰው ካለ የግል ክሊኒክ ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ ብዙዎቹ ሌሊት ዝግ ናቸው፣ አልጋም የላቸውም። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፣ እስኪደርስ ብቻውን አይተዉት፣ በቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ሁሉ ከእጁ ያርቁ።