«ሹፌርማ ቁጭ ብሎ ይውላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ የሰፈር ሰው ሥራዬን ጠየቀኝ። ጎንደር ውስጥ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ምግብና መጠጥ የሚያከፋፍል መኪና እንደምነዳ ነገርኩት። «ታድለሃል፤ ቁጭ ብለህ ነው የምትውለው» አለኝ። ይህን ሥራ ከያዝኩ 9 ዓመቴ ነው፤ ይህችን ቃል ሳልሰማ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። እዚህ ግን እመልሳለሁ።

መሪ የምይዘው ከቀኑ ትንሹን ሰዓት ነው። ከመጋዘን ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ቢደመር መንገዱ አጭር ነው። ቀኑን የሚበላው ማውረድ ነው። የምነዳው አይሱዙ ሲሞላ 50 ኩንታል ይጭናል። ያለነው እኔና ረዳቴ ብቻ ነን። ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ሰው 25 ኩንታል ይደርሳል፤ 2,500 ኪሎ በእጅና በትከሻ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን 18 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዱቄትና ስኳሩ በ50 ኪሎ ከረጢት ነው። ለስላሳው ደግሞ 24 ጠርሙስ በሳጥን ነው፤ ሙሉውን አስገብተህ ባዶውን ቆጥረህ ታወጣለህ፣ ስለዚህ ስትገባም ስትወጣም ሸክም ይዘሃል።

«ጫኝና አውራጅ የለም እንዴ?» ይሉኛል። አለ፣ ለጅምላ መጋዘን። አንድ ምግብ ቤት ግን የሚያዘው ሦስት ጀሪካን ዘይት፣ ሁለት ከረጢት ዱቄት፣ አምስት ሳጥን ለስላሳ ነው። ለዚህ አውራጅ የሚጠራ የለም። ዕቃ ቤቱ ያለበትንም እዩ። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ከፊት ያምራሉ፤ ወጥ ቤቱ ግን ከኋላ ነው፣ መኪና አይደርስበትም። ባጃጅ በተደረደረበት መሃል ሰንጥቀህ፣ ደረጃ ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው የምትገባው። ክረምት ሲሆን ያ ደረጃ እርጥብ ነው።

በሦስተኛው ዓመቴ የዱቄት ከረጢት ይዤ ወገቤን ጠምዝዤ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ። ክብደቱ አይደለም የጣለኝ፤ መጠምዘዜ ነው። ለጀማሪ ሁሉ ይህን እላለሁ፦ ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ፣ ሸክሙን ከሆድህ አስጠጋ፣ መዞር ካለብህ በእግርህ ዙር። ባለ ጎማ ጋሪ ካላስገዙህ ራስህ ግዛ። ሲጫን ደግሞ ሻይ ቤት አትቀመጥ፤ ቁም። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል። ማራኪ የሚወርደው ፒያሳ ከሚወርደው ይልቅ ወደ በሩ ቀርቦ ከተደረደረ፣ ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ትሸከመዋለህ። ከባዱ ከሥር ይሁን። በረኪናና ሳሙና ከዱቄት ጋር በፍጹም አይጫንም፤ ሽታው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ እንጀራና ዳቦ ላይ ይወጣል።

«ጾም ሲገባ ሥራችሁ ይቀዘቅዛል» የሚሉም አሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይቀራል፤ በምትኩ ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ሽንኩርት ይጨምራል። ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ማቀዝቀዣ ስላለው መኪና የሚነገረው ግን ያናድደኛል፣ የሰው ጤና ስላለበት። ደረቅ ጭነት ከመያዜ በፊት ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ነድቻለሁ። ሰው ሁሉ ትኩስ ዕቃ ቢጫንም መኪናው ራሱ ያቀዘቅዘዋል ይላል። አያቀዘቅዝም። ማቀዝቀዣው የተሠራው ቀዝቅዞ የገባውን ቅዝቃዜውን እንዲጠብቅ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ገና ያልበረደ የታረደ ሥጋ ጭነው «ማቀዝቀዣውን ክፈተው፣ ይበቃል» አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ሲደርስ የመሃሉ ሥጋ ሸትቶ ነበር፣ አብሮ የተጫነው እርጎም ሞቆ ተመለሰ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጀርም ይራባል፤ ትኩስ ሥጋ ተቆልሎ ሲጫን እዚያው መሃል ላይ ሰዓታት ይቆያል። እስከ ጣራ መጫንም ያው ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚዞርበት ክፍተት ያጣል።

«ጎንደር ከፍታ ናት፣ ምን ይበላሻል» የምትለኝ እትዬም አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ብትሆንም መጋቢት ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ወተትና ሥጋ ስትረከቡ በእጃችሁ ዳስሱ። ካልቀዘቀዘ አትፈርሙ፤ ሹፌሩ ቢቆጣም አትፈርሙ።

የመጨረሻው ከሹፌሮች የምሰማው ነው፦ «ቁልቁለት በፍሪ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»። ውሸት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ፣ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ፓምፑም ነዳጅ ይቆርጣል። በፍሪ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፤ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ወደ ደባርቅ ለሎጆች ዕቃ ስናደርስ፣ ወይም ከጎሃ ኮረብታ ባዶ ጠርሙስ ጭነን ስንወርድ፣ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይገባልህም።