ሙቀቱና የደጋ አራዊታችን፦ በየወሬው የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

የምድር ሙቀት ጨመረ ሲባል ነገሩን ወደ ፈረንጅ አገር የምንልክ ብዙ ነን። ነጭ ድብ፣ የሚቀልጥ በረዶ፣ የሚሰምጥ ደሴት። የእኛዎቹ ቀይ ቀበሮ፣ ዋልያና ጭላዳ ከወሬው ውስጥ የሉም። ግን አፍሪካ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከዚህ ብርድ ሌላ ኑሮ የማያውቁ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ እንስሳት አሉን። ስለዚህ ጉዳዩ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሳሁ እውነታውን ልንገራችሁ።

"ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ቢሞቅ ምን ይጎዳል?"

ለሰው ምናልባት ደስ ይል ይሆናል። እዚያ ለሚኖረው እንስሳ ግን ብርዱ ራሱ ቤቱ ነው።

ባሌ ውስጥ ከዶሎ መና ተነስታችሁ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ጎባ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ታች ሙቀቱ ኮት ያስወልቃል። ከዚያ ጫካው ይመጣል፤ በውስጡ ሳይተከል የበቀለ ቡና አለ። ከፍ ስትሉ ዛፉ እያጠረ፣ ጽድ የሚመስለው አስታ እየበዛ ይሄዳል። በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ሰነቲ አምባ ላይ ትወጣላችሁ። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻውን እዚህም እዚያም ቆሟል። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው በከፍታና በሙቀት ልዩነት ነው። በግምት 1,000 ሜትር ስንወጣ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። አሁን በተቃራኒው አስቡት። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ፣ የዱሮውን ብርድ ለማግኘት 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። አስታውም፣ ሣሩም፣ አይጡም፣ ቀበሮውም።

"እንስሳ ብልህ ነው፤ ሲሞቀው ወደ ላይ ይወጣል"

ይወጣል፤ እስከሚችለው ድረስ። ተራራ ግን ጫፍ አለው። ደግሞም ወደ ላይ ሲሄዱ እየጠበበ ነው የሚሄደው። ዙሪያውን በእርሻና በቆላ የተከበበ ተራራ ደሴት ማለት ነው። ከሰሜን ተራሮች የተነሳ ዋልያ ቆላውን አቋርጦ ሌላ ተራራ ልፈልግ ቢል መንገድ የለውም።

ችግሩ ይህ ብቻ አይደለም። የደጋ እንስሳ ወደ ላይ ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው አለ፤ እሱም ገበሬው ነው። ገብስ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የማይዘራበት አንዱ ምክንያት ውርጭ ነው። ውርጩ ሲለዝብ ትናንት የማያበቅለው መሬት ዛሬ ያበቅላል። መሬት ላጠረው ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። አሁን ከ3,500 ሜትር በላይ ገብስ የሚታረስባቸው ቦታዎች አሉ። ገበሬውን ወደ ላይ የሚገፋው ዋናው ነገር የመሬት እጥረት መሆኑ እውነት ነው። ሙቀቱ ግን በሩን ይከፍትለታል። ገበሬውም ቀበሮውም በአንድ ዳገት ላይ ሽቅብ እየተገፉ ነው። መጀመሪያ መሬት የሚያልቅበት ቀበሮው ነው።

"ቀይ ቀበሮን የሚጨርሰው የውሻ በሽታ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም"

ይህን የሚሉ ሰዎች ነገሩን የሚያውቁ ናቸው። ግማሹ እውነት ስለሆነም ረጋ ብለን እንየው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨርሷል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ መጥቶባቸዋል። በሽታው ገዳይ መሆኑ አያከራክርም።

ግን ውሻው እዚያ እንዴት ደረሰ? ከባለቤቱ ጋር ነው የመጣው። ባለቤቱ ደግሞ ከብቱንና እርሻውን ይዞ ወደ ላይ ስለወጣ ነው። ቀበሮው የሚኖርበት አምባ እየጠበበ፣ የሰው መንደር እየቀረበ ሲሄድ ውሻና ቀበሮ የሚገናኙበት ዕድል ይጨምራል። ሙቀት ሁልጊዜ እንስሳን በቀጥታ በሐሩር አይገድልም። ቦታውን ይወስድበታል፤ የቀረውን ሥራ ሌላው ይጨርሰዋል።

ምግቡንም እንይ። የባሌ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጠ መጎጥ ነው፤ ከሁሉም የሚወደው ደግሞ ግዙፉን ፍልፈል ነው። ይህ ፍልፈል የሚኖረው ባሌ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሰማዩንና ዙሪያውን እንዲያይ። ራሱን ብቅ ያደርግና በአቅራቢያው ያለውን ሣር በአፉ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ቀበሮው ሆዱን ምድር አስነክቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ይጠጋል፤ ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ፍልፈሉ እንደገና ብቅ እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ ይወረወራል። ብዙ ጊዜ ይስታል። ይህ ሁሉ አደን የሚሆነው መሬቱ ለጉድጓድ የሚመች፣ እርጥበት ያለውና ያልታረሰ ሲሆን ነው። መሬቱ ከታረሰ ፍልፈሉም ሌላው አይጠ መጎጥም ይመናመናል፤ እነሱ ከሌሉ ቀበሮ የለም። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ላይ ዱሮ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም።

"1 ዲግሪ ምን ታመጣለች?"

ለዚህ መልሱን የምትሰጠን ቦረና ውስጥ ያለች ወፍ ናት።

የቁጥቋጦ ቁራ ትባላለች። ግራጫ ናት፤ ዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አለ። የምትኖረው በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለችም። ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብታቸው ነበር። ምክንያቱም ድንበሯን አልፈው ሲያዩ ያው ግራር ነው፣ ያው ሣር ነው፣ ያው አፈር ነው። የሚያግዳት ወንዝም ተራራም የለም። ታዲያ ለምን አትሻገርም?

ቆይቶ የተገኘው መልስ ሙቀት ነው። የምትኖርበት አካባቢ ከዙሪያው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ድንበሯ የሚያልቀው ያ ቅዝቃዜ የሚያልቅበት ላይ ነው። ቀኑ ሲሞቅ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ጥላ ሥር ትገባለች፤ መሬት እየጫረች ነፍሳት መፈለጓን ታቆማለች። በሰፊው ቦታ የሚኖሩ ሌሎች ወፎች በዚያው ሙቀት ሥራቸውን ሲቀጥሉ እሷ አትችልም። ልብ በሉ፤ ሙቀቱ አይገድላትም። የምትበላበትን ሰዓት ነው የሚቆርጥባት። ጫጩት ለምታበላ ወፍ የተቆረጠ ሰዓት ማለት የተራበ ጫጩት ነው። ይህ ቀዝቃዛ ኪስ በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ሲሞቅ የምትሄድበት የላትም። ጭራዋ ነጭ የሆነች አንዲት ወንጭፊትም እዚያው አካባቢ ትኖራለች፤ የእሷም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

"የአየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር"

አዎ፣ ይለዋወጥ ነበር። እንዲያውም ማስረጃው እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። ባለፈው የበረዶ ዘመን የባሌ ከፍታዎች ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ፊንቻ ሀበራ በሚባለው ዋሻ መሰል መጠለያ፣ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ምግባቸው ያው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ የተጠበሰ አጥንቱ ተገኝቷል። እኔን ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከበረዶው ዘመን ወደ አሁኑ አየር የተደረገው ሽግግር በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ወስዷል። አሁን ግን ምድር በ150 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተመዘገበ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። ሌላም ነገር አለ። ዱሮ እንስሳው በዝግታ ሲንቀሳቀስ መሀል ላይ መንገድ፣ ከተማና እርሻ አልነበረበትም።

"ሙቀት ማለት ድርቅ ነው፤ ዝናብ ከመጣ አለፈልን"

ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ስለዚህ ድርቁም ጎርፉም ይበረታል። የአንበጣውን ጊዜ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች በአረቢያ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረዱ። አንበጣው እዚያ ተራባ፤ በየመንና በሶማሊያ አድርጎ እኛ ጋ ደረሰ። ያኔ ጠላታችን የዝናብ እጥረት አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ ተገላበጠ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ የማያውቅ የለም። ተመራማሪዎች ያን ድርቅ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ቢያንስ 100 ጊዜ የበለጠ ሊከሰት የሚችል አድርጎታል ብለዋል፤ በተለይ ከመሬትና ከዕፅዋት የሚተነውን ውኃ በማብዛት። ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከየካቲት እስከ ጥቅምት 205 ዝሆኖችና 49 ግሬቪ የሜዳ አህዮች ሞተው ተቆጥረዋል። ይህች ቀጭን መስመር ያላት የሜዳ አህያ ዛሬ በዱር የምትገኘው በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

"ችግኝ ከተከልን በቃ"

ዛፍ መትከል ጥሩ ነው። የት፣ ምን የሚለው ግን ወሳኝ ነው። የሰነቲ አምባ ዛፍ የሌለው ስለተመነጠረ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። የቁጥቋጦ ቁራዋም የምትፈልገው ግራር ጣል ጣል ያለበት ገላጣ የግጦሽ ሣር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ መደርደር ለአየሩ አስበን እንስሳውን ማባረር ነው። ያለውን የሐረናን ጫካ አለመቁረጥ ከብዙ ችግኝ ይበልጣል።

"እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን? ያበላሹት ሀብታሞቹ ናቸው"

ያበላሹት እነሱ መሆናቸው ልክ ነው። ነዳጅና ከሰል በማቃጠል ከሚወጣው የዓለም የካርቦን ልቀት ውስጥ መላው አፍሪካ ያለው ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ይህን በየስብሰባው መናገርና ካሳ መጠየቅ መብታችን ነው። ሙቀቱን ለብቻችን አናቆምም። እንስሳው እንዲቋቋመው ጊዜና ቦታ መስጠት ግን በእጃችን ነው።

የመንዝን ሰዎች ተመልከቱ። የጓሳ ሣርን ለቤት ክዳንና ለገመድ ይጠቀሙበታል። ጓሳ የሚባለውን አምባቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው የሚያሳርፉበት፣ ከዚያ በደንብ የሚያጭዱበት ሥርዓት አላቸው፤ ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተጀመረ። በዚህ ምክንያት ጓሳ ላይ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉ። ባሌ ላይ ደግሞ የውሾች ክትባት ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ክትባቱን ሥጋ ውስጥ አድርጎ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ማቅረብ ተጀምሯል።

ጉብኝት የምትሄዱም የምታደርጉት አለ። ውሻ ይዛችሁ ወደ አምባው አትውጡ። ለፎቶ ብላችሁ ለቀበሮ ምግብ አትወርውሩ፤ መንገድ ዳር መቆም ይለምዳል። ሰነቲን የሚያቋርጠው መንገድ ላይ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉና እዚያ ስትደርሱ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ንገሩት።