ዩኒኮድ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፤ የማይመጣ ነገር የለም። ሰው በፍላሽ ይዞ ከሚመጣው ፋይል ግን አንድ ስሕተት አይጠፋም። ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ አልተዘጋም፤ ኮሎን ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነው ያለቀው። እንዲህ፦ «ቤቱን አከራይቻለሁ::»

ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ፊደል የገባው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። «ሀ» 1200 ተሰጠው፣ «ለ» 1208። ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ 1362፣ ነጠላ ሰረዝ 1363፣ ድርብ ሰረዝ 1364 ሆኑ። ጎረቤታሞች ናቸው። ኮሎን ግን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከላቲን ፊደላት ሰፈር ነው የሚኖረው። ሁለቱን ብትደራርቧቸው ሁለት ኮሎን እንጂ አራት ነጥብ አይሆኑም። ፋይሉ ውስጥ «።» ብላችሁ ብትፈልጉም ኮምፒውተሩ አልፏቸው ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው የሐረር ጉዳይ ነው። «ሐረር» የሚጽፍ አለ፣ «ሀረር» የሚጽፍም አለ። ስናነበው አንድ ነው። በመዝገቡ ግን «ሐ» 1210፣ «ሀ» 1200 ናቸው። አንድ ተማሪ አማካሪው «ሐረር ከተማ» ያለበትን ሁሉ «ሐረሪ ክልል» በለው አለው። በአንድ ትእዛዝ ተካው፤ ደስ ብሎት አሳተመ፣ አስጠረዘ። ለካ ግማሹን ጽሑፍ የተየበችለት እህቱ በ«ሀ» ነበር የጻፈችው። ያ ሁሉ ሳይነካ ቀረ። እንደገና ለማስጠረዝ ሲመጣ ፊቱን አይቼ አዘንኩ። እባካችሁ፣ አንድ ጽሑፍ ስትጀምሩ አንዱን ሆሄ ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ጽፉ።

ከዩኒኮድ በፊት ችግሩ የከፋ ነበር። በየፕሮግራሙ «ሀ» በአንድ የላቲን ፊደል ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የትኛው ወንበር እንደሆነ የሚያውቀው ያ ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። ዛሬም የድሮ ፋይል በሲዲ ይዘው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱ እስኪገኝ ግን ማንም አያነበውም።

በፊደል ፋንታ ሳጥን ሳጥን ሲመጣባችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በትክክል አለ፤ የጎደለው መልኩ ነው። ስለዚህ አታጥፉት። ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ቀይሩት።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። የአማርኛ ኪቦርድ ካላችሁ አራት ነጥቡ እዚያው አለ፣ ፈልጋችሁ ልመዱት። ከሌላችሁ ዎርድ ላይ 1362 ጽፉና አልትን ይዛችሁ ኤክስን ምቱ፤ ቁጥሩ ወደ «።» ይለወጣል። ኪቦርድ ላይ ለሌሉት ምልክቶች ደግሞ በዊንዶውስ አልትን እንደያዛችሁ በቀኝ በኩል ካሉት የቁጥር ቁልፎች 0176 ብትመቱ ° ይመጣል። የድሬን ሙቀት 35° ብላችሁ ጽፉ እንጂ ትንሽ ዜሮ ከፍ አታድርጉ። 0215 ብዜትን × ይሰጣል፣ 0189 ግማሽን ½። 0233 ደግሞ ጭረት ያላትን የፈረንሳይኛ é ያወጣል። ከምድር ባቡር ዘመን የቀረ ወረቀት የሚያስተይቡ ቤተሰቦች እዚህ ስላሉ ይቺን በቃሌ ይዣታለሁ። የቁጥር ቁልፍ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ዎርድ ላይ ኢንሰርት ውስጥ ሲምቦል የሚለውን ክፈቱ።

ድረ ገጽ ለምትሠሩም ቁጥሩ ያው ነው። 1362 የተቆጠረው በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ስለሆነ፣ በተለመደው በአሥር ሲቆጠር 4962 ይሆናል። ገጹ ኮድ ውስጥ ። ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው «።» ያያል። ገጹ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ዘዴ) መሆኑ ከተገለጸ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ምልክቱን ራሱን መጻፍ ይበቃል።

በሁለት ኮሎን የተሞላ ፋይል ያላችሁ ዛሬውኑ ማስተካከል ትችላላችሁ። ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኤችን ምቱ። ላይኛው ሳጥን ውስጥ ::፣ ታችኛው ውስጥ ። አስገቡና ሁሉንም ተካ በሉት። በሰዓት መካከል ያለው፣ ለምሳሌ 2:30 ውስጥ ያለው ኮሎን፣ አንድ ብቻ ስለሆነ አይነካም።