ታወር መጋራት ምንድን ነው? ከውህደት ጋርስ ምን አገናኘው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ኢትዮ ቴሌኮምና ስለ ሳፋሪኮም ሲያወራ «ሁለቱም አንድ ታወር ላይ ተሰቅለው ምን ውድድር አለ? ውስጥ ለውስጥ ተዋህደዋል» አለ። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሻይ ቤት ውስጥ ይባላል፤ ሳቢያን የሚሄድ ባጃጅ ውስጥም ይባላል። ሥራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ሰሚ ብቻ ሆኜ መቀጠል አልቻልኩም።

ታወር መጋራት ማለት አንቴና የሚሰቀልበትን ብረት መጋራት ነው። አንዱ አከራይ፣ ሌላው ተከራይ። የጋራ ታወር ስታገኙ ቀና ብላችሁ እዩት። ጫፉ ላይ በሦስት አቅጣጫ የዞሩ ረዣዥም አንቴናዎች አሉ። ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ የሌላው ኩባንያ ሦስት አሉ። ታች አጥሩ ውስጥ የየኩባንያውን መሣሪያ የያዙት ካቢኔቶች ለየብቻ ቆመዋል። ፍሪኩዌንሲው ይለያያል፤ ሒሳብ የሚቆርጥባችሁ ሲስተምም ይለያያል። ፓኬጁን ስንት ብር እንደሚሸጥ የሚወስነው አለቃ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ነው።

ድሬ–ሐረር የሚመላለሱትን ሚኒባሶች አስቡ። መናኸሪያው አንድ ነው። የደንገጎ ዳገትም አንድ ነው። ባለመኪኖቹ ግን በተሳፋሪ ይሻማሉ። መናኸሪያ ስለተጋሩ ተዋህደዋል የሚል ሰው አልገጠመኝም። ውህደት የሚመጣው አንዱ የሌላውን መኪኖች ገዝቶ ታሪፉን አንድ ሰው ሲያወጣ ነው። ያኔ የመኪኖቹ ቀለም ቢለያይም፣ መናኸሪያቸው ሁለት ቢሆንም ውድድሩ አብቅቷል።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነውና። መናኸሪያው የአንደኛው ባለመኪና ንብረት ቢሆንስ? ተወዳዳሪው ለመቆሚያ ኪራይ ይከፍለዋል ማለት ነው። ባለመናኸሪያው ኪራዩን መስቀል ይችላል፤ ቦታ ሞልቷል ማለት ይችላል፤ ተሳፋሪ የማይደርስበት ጥግ መስጠትም ይችላል። የእኛ አገር ሁኔታ ይሄ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ጊዜ ብቻውን ስለሠራ ታወሩ በአብዛኛው የእሱ ነው። ሳፋሪኮም የመራው ቡድን በግንቦት 2013 ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ከዚያ የራሱን ታወር እየተከለ፣ ጎን ለጎን ከተወዳዳሪው ተከራየ። አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014። ሐረርና ሐሮማያም አዲስ አበባን ቀድመዋል። ስለዚህ ጉዳይ ለማውራት ድሬዎች ከማንም አናንስም።

ባለመናኸሪያና ተከራይ ሲጣሉ ዳኛው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የዳኛው ጉልበት ነው። ሁለት አንቴና አንድ ብረት ላይ መታየቱ አያሳስበኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። «ቦታ የለም» ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። እያንዳንዱ አንቴና የንፋስ ጫና ያመጣል። ለአንድ ኩባንያ የተሠራ ብረት ሁለተኛውን ላይሸከም ይችላል። ይሰላል፣ ይጠናከራል፣ አንዳንዴም ይከለከላል። ዝቅ ብሎ የተሰቀለውም ከላይኛው ያነሰ ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ ፎቅ በበዛበት ሰፈር። በአንድ ታወር ላይ ሆነው አንዱ ቤታችሁ ውስጥ ጥሩ ሠርቶ ሌላው ቢያስቸግር አይግረማችሁ።

ሬዲዮውን፣ ማለትም ሲግናሉን የሚልከውንና የሚቀበለውን መሣሪያ፣ ራሱን መጋራትም አለ። ያኔ መሣሪያው ሲበላሽ የሁለቱም ደንበኛ ይቋረጣል፤ በጥራት መበላለጥም ይከብዳል። ተንታኙ ስለዚህኛው ቢሰጋ አልቃወመውም። ግን ይሄም ቢሆን ዋጋ የሚያወጡት ሁለት ሰዎች እስከሆኑ ድረስ ውህደት አይባልም።

ከውጭ ምሳሌ ይምጣ ከተባለ እንግሊዝን እንይ። ቮዳፎንና ኦቱ የተባሉት የስልክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ታወር ሲጋሩ ኖረዋል። ስሪ የተባለው ኩባንያ የሚጋራው ከሌላ ጋር ነበር። ታወር መጋራት የውህደት መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ ቮዳፎን መዋሃድ የነበረበት ከኦቱ ጋር ነው። በ2025 የተዋሃደው ግን ከስሪ ጋር ነው። የውድድር ተቆጣጣሪው የፈቀደውም ግዴታ ጥሎ ነው፤ አንዱ ግዴታ የተወሰኑ ታሪፎች ለሦስት ዓመት ከጣሪያ በላይ እንዳይወጡ ነው። ተቆጣጣሪው የፈራው የዋጋውን ነገር ነበር ማለት ነው።

ኬንያም ቅርባችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከገበያ ሲወጣ ደንበኞቹን ኤርቴል ወሰደ፣ የኔትወርክ መሠረተ ልማቱን ሳፋሪኮም ወሰደ። ብረቱ ወደ አንዱ፣ ሰው ወደ ሌላው ሄደ። የኬንያን ኩባንያዎች ከአራት ወደ ሦስት ያወረዳቸው የአንድ ተወዳዳሪ መጥፋት ነው።

መጋራትን በጅምላ መጥላት ደግሞ ለእኛ አካባቢ አይሆንም። ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ መሀል ለየኩባንያው ታወር ይተከል የሚል ካለ ጀጎልን አላየም።

ስለዚህ ውድድሩ እየቀነሰ ነው ብሎ የሚሞግት ሰው የታወር ፎቶ አያሳየን። የታወር ኪራዩ ስንት ነው? ከሳፋሪኮም 07 ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 09 ሲደወል አንዱ ለሌላው በደቂቃ ስንት ይከፍላል? ታወር ለመከራየት የጠየቀ ኩባንያ መልስ እስኪያገኝ ስንት ወር ይጠብቃል? አንዱ ፓኬጅ ሲያስወድድ ሌላው ወዲያው ይከተላል ወይስ ደንበኛ ለመውሰድ ይቀንሳል? እነዚህን ይዞ ከመጣ እኔም አብሬው መልስ እጠይቃለሁ።