«ልዩ ፍላጎት» ሲባል ጎበዙንም ይጨምራል?

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ የአምስተኛ ክፍል ልጃቸው ወደ ልዩ ፍላጎት መምህሩ መመራቱን ሲሰሙ ደንግጠው «ልጄ ምን ጎደለው?» እያሉ ትምህርት ቤት መጡ። ያስደነገጣቸው ቃሉ ነው፤ «ልዩ ፍላጎት» የሚባለው አካል ጉዳት ላለበት ወይም መማር ለሚቸግረው ልጅ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳልና። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል።

ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ የግድ አንደኛ የሚወጣው ልጅ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳስረዱት፣ ተሰጥኦ የሚታየው ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራና ለያዙት ሥራ ሳይታክቱ መትጋት ሲገጣጠሙ ነው። የእኚህ እናት ልጅ ደብተሩ የተዝረከረከ፣ ደረጃውም መካከለኛ ነው፤ ነገር ግን የክፍልፋይ ጥያቄን መምህሩ ካሳዩት በተለየ መንገድ፣ ያውም በቃሉ፣ ይፈታል።

በድጋፉ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት (እኛ መምህራን ያልሠራነው የለንም) አሥር ጥያቄ ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ሌላ ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ መስጠት ነው፤ ይህ ለልጁ ቅጣት ነው። የሚሻለው የሚያውቀውን አሳጥሮ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ በዝግታ ወጥቶ ቁልቁል በፍጥነት የሚመለስ ሚኒባስ፣ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ለምን የሁለቱ ፍጥነቶች ድምር ግማሽ እንደማይሆን እንዲያስረዳ መጠየቅ።