ሬትኮን ምንድን ነው?

እኔ ጋ ያለው «ዱን» ጀርባው በፕላስተር ተለጥፎ ነው የቆመው። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ገና ምዕራፍ አንድ አናት ላይ በተጠቀሰው ጽሑፏ ልዕልት ኢሩላን ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ፖል አትሬዲስ ትነግረናለች። ካላዳን የምትባል ፕላኔት ላይ ተወልዶ አሥራ አምስት ዓመት እዚያው ኖረ፤ ይህ ግን አያታላችሁ፣ ቦታው ሌላዋ ፕላኔት አራኪስ ነው ትላለች። የፖል የትውልድ ነገር በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ደራሲው ስድስት መጽሐፍ ጽፎ በ1986 አረፈ። ልጁ ብራያን ኸርበርትና ኬቨን አንደርሰን ከ1999 ጀምሮ ቀጠሉበት። በ2001 በወጣው «ሃውስ ኮሪኖ» ላይ ፖል የሚወለደው በንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ፣ ካይታን ላይ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አሮጌውን መጽሐፍ አወጣሁ። ካላዳን ነው የሚለው።

የጸሐፊዎቹ ስህተት ነው ብዬ ልተወው ስል በ2008 «ፖል ኦቭ ዱን» መጣ። ለካ ኢሩላን የጻፈችው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ፕሮፓጋንዳ ተቀላቅሎበታል። ሬትኮን ማለት ይሄ ነው። ሰው ረስቶ የተምታታ ነገር ከጻፈ ስህተት ነው። ሬትኮን ግን አውቆ ነው፤ ለአዲሱ ታሪክ እንዲመች ቀድሞ የተነገረው ተመልሶ ይነካካል። ቃሉ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ በ1980ዎቹ በአሜሪካ የኮሚክ አንባቢዎች ዘንድ ተለመደ። እኛ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ድርጊቱ ከስሙ ይቀድማል። ኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆምስን በ1893 ፏፏቴ ውስጥ ገደለው፤ በ1903 አስነሳው። እኔ በዚህኛው አልናደድም። ታሪኩን የሚተርከው ጓደኛው ዋትሰን ምን ነበር ያየው? ወደ ገደሉ አፍ የሄደ የሁለት ሰው ዱካ፣ የተመለሰ ዱካ የለም። የሆምስ ምርኩዝ፣ የሲጋራ መያዣውና አንድ ደብዳቤ። ሬሳ አላየም። ዶይል ዋትሰን ያየውን አልነካም፤ የተሳሳተው ግምቱ ብቻ ነው። መልሰህ ብታነበው ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው።

ኢሩላን ላይ የተደረገው ሌላ ነው። ምስክሯ ዋሽታለች ተባለ፣ ፋይሉ ተዘጋ። እሷ ዋሽታ ከሆነ እኮ በየምዕራፉ አናት ላይ የተቀመጠው ቃሏ ሁሉ ሊጠረጠር ነው! አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ስንት ቀዳዳ።

ይሄም ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ግን መጨረሻው ነው። የአባትየው ስድስተኛ መጽሐፍ (1985) የሚዘጋው ዳንኤልና ማርቲ በሚባሉ ባልና ሚስት ነው። አትክልት ስፍራቸው ውስጥ ሆነው ያመለጠችባቸውን መርከብ ያወራሉ። ከንግግራቸው እንደሚገባኝ መልካቸውን እንደፈለጉ የሚቀያይሩት ፍጡራን ወገን ናቸው፤ ከጌቶቻቸው እጅ ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ። ያ ትዕይንት ስንት ቀን አብሮኝ ዋለ። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በወጣው ቀጣይ መጽሐፍ ግን ኦምኒየስና ኢራስመስ ሆነው አረፉት። እነዚህ ማሽኖች ናቸው፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች ራሳቸው በ2002 በጀመሩት ሌላ ተከታታይ ውስጥ ዋና ጠላቶች የነበሩ። በአባትየው ስድስት መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው አንድ ቦታ አይገኝም። እንግዲህ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ተሸወደ፣ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያለፈው ምንም አልጎደለበትም።

ታዲያ አልተውኳቸውም፤ እየተነጫነጭኩ ገዛኋቸው፣ ጨረስኳቸውም። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን ጠየቀኝ። የአባትየውን ስድስቱን በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። የቀሩትስ ሲለኝ መጀመሪያ እነዚህን ጨርስ አልኩት። አሁን ሦስተኛው ላይ ነው።